አንብቦ መያዝ፣ ሰምቶ መጠየቅ



ፈተና በደረሰ ቁጥር አንዱን ጽሑፍ አምስትና ስድስት ጊዜ የሚደግም ጓደኛ እናያለን። መስመሩን ሁሉ በቀለም አስምሮበታል፤ ነገር ግን ወረቀቱን አጥፈው «እስቲ ምን ይላል?» ሲሉት ዝም ይላል። የዚህ ሰው ጉድለት አደካከሙ ላይ ነው። ስለ ንባብና ስለ ማዳመጥ ዘዴ ለመነጋገር ሩቅ ሳንሄድ ከዚሁ ከድሬዳዋ፣ ከደቻቱ ወዲያ ካለው ከመጋላ ብንጀምር ይበቃናል።

በቁርአን ቤት ልማድ ሕፃኑ ትምህርቱን በእንጨት ሉሕ ላይ በቀለም ይጽፋል፤ ይቀራል፤ በኡስታዙ ፊት በቃሉ ሲወጣው ሉሑ ታጥቦ ሌላ ይጻፍበታል። ልብ በሉ፤ ሉሑ የሚታጠበው ልጁ ደጋግሞ ስላየው አይደለም፤ ሳያይ ስለተናገረው ነው።

ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የአሜሪካ የሥነ ልቡና ምሁራን በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጡት ጥናት ይህንኑ የመሰለ ነገር በተማሪዎች ላይ ፈትነዋል። አንደኛው ወገን ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ሌላው አንድ ጊዜ አንብቦ፣ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን እነዚሁ የያዙት ከመቶ 42 ያህል ሲሆን፣ አስታውሰው የጻፉት 56 ያህል ይዘው ተገኙ። የዋዜማ ንባብ የሚያታልለውም በዚሁ ነው።

እርግጥ ሕፃኑ የሚቀራው የዓረብኛ ቃል ትርጉሙ ወዲያው አይገባውም፤ በኋላ ይደርስበታል። የኮሌጅ ተማሪ ግን ትርጉሙን ለኋላ ማቆየት አይችልም። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነውና፣ ያነበበውን አንቀጽ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ወይም በአማርኛ ለጓደኛው ማስረዳት ካቃተው የያዘው ቃሉን እንጂ ነገሩን አይደለም።

ስለ ማዳመጥ ደግሞ የከፊራ ገበያ ይጠየቅ። እዚያ ሻጭና ገዢ ብዙ ጊዜ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይለያያል። ስለዚህ ገዢው የሰማውን ዋጋ መልሶ ይናገራል፤ «በኪሎ ነው በመደብ?» ብሎ ይጠይቃል። ገንዘቡ የራሱ ስለሆነ ሳይገባው ራሱን አይነቀንቅም። በክፍል ውስጥ ግን መምህሩ «ገባችሁ?» ሲሉ ስንቱ ነው በይሉኝታ ራሱን የሚነቀንቀው!

የመምህሩን ቃል ሁሉ ለመጻፍ መሮጥም ከንቱ ነው፤ ብዕር ከአንደበት ጋር አይወዳደርም። የነገሩን ራስ መጻፍ፣ ያመለጠው ላይ የጥያቄ ምልክት ማድረግ፣ በመጨረሻም «እንዲህ ማለትዎ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በዚያው ዕለት ማታ ሁለት ሦስት ሆነን ደብተር ዘግተን እንቀመጥ፤ አንዱ ይናገር፣ ሌሎቹ ያርሙ፤ ማንም ሊሞላው ያልቻለው ክፍተት በማግስቱ ለመምህሩ ይቅረብ።