አጃቢ ሙዚቃም ሸቀጥ ሆኗል፤ ድሬዳዋስ?

ድሬዳዋ ላይ ሙዚቃ ለመለማመድ ድሮ ሰው መሰብሰብ ግድ ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በከተማዋ የተቋቋመውና ዓሊ ቢራን ያፈራው የአፍረን ቀሎ ቡድን ወጣቶች የተማሩት አብረው እየተጫወቱ ነው። ዛሬ ግን ጊታር ተማሪው ብቻውን ቁጭ ብሎ ከስልኩ ከበሮና ቤዝ ይከፍትና የጎደለውን የጊታር ድምፅ ራሱ ይሞላል። ሙያተኞቹ «ትራክ» የሚሉት ይህንኑ አጃቢ ሙዚቃ ነው።

ንግዱ የቆየ ነው። ሚዩዚክ ማይነስ ዋን የተባለው የኒውዮርክ ድርጅት ዋናው ተጫዋች የጎደለበትን ሸክላ ለተለማማጆች ማቅረብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 ነበር። አሁን የተለወጠው ከፋዩ ነው። ናክሶስን ለመሳሰሉ የኢንተርኔት ሙዚቃ አቅራቢዎች በውጭ አገር ሒሳቡን የሚከፍለው ቤተ መጻሕፍቱ ነው፤ አባሉ ሳንቲም ሳያወጣ ቤቱ ሆኖ ያዳምጣል። የናክሶስ ዋጋ የሚተመነውም በአንድ ጊዜ ማዳመጥ በሚችሉት ሰዎች ቁጥር ነው።

ድሬዳዋ የኢንተርኔት መስመር አላጣችም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የሙከራ አገልግሎቱን የጀመረው ከዚሁ ከተማ ነው። እንቅፋቱ ሌላ ነው።

አንደኛው ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። በወር 10 ዶላር የሚያስከፍል አገልግሎት ከ570 ብር ወደ 1,000 ብር በላይ ዘለለ ማለት ነው። ይህ ለአንድ ተማሪ ከባድ ነው፤ ለብዙ ተማሪ የሚከፍል ተቋም ግን ሊያካፍለው ይችላል።

ሁለተኛውና ዋነኛው የዕቃው ዓይነት ነው። የውጭው መደርደሪያ በብዛት የሚይዘው ጃዝ፣ ብሉዝ፣ ሮክና ክላሲካል ነው። የድሬዳዋ ተጫዋች ሠርግ ላይ የሚጠየቀው ግን የኦሮምኛ፣ የሶማሊኛ፣ የሐረሪና የአማርኛ ዘፈን ነው። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን በየቅኝቱ፣ ጭክጭካውንም በየፍጥነቱ ካላገኘ ልምምዱ እንጀራ አይሆንለትም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሆንበታል።

የገበያው ቀዳዳ እዚህ ላይ ነው። አንድ ስቱዲዮና ጥቂት ጥሩ ተጫዋቾች ያሉት ባለሀብት የአገር ቤቱን አጃቢ ሙዚቃ ቀርጾ ለሙዚቃ ትምህርት ቤቶችና ለቤተ መጻሕፍት በብር፣ በዓመት ውል ሊያቀርብ ይችላል። ተማሪው በዶላር አይቸገርም፤ ከበሮ መቺውና ቤዝ ተጫዋቹም የሥራ ክፍያ ያገኛሉ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሰውን ዜማ ቀርጾ ለመሸጥ የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ መብቱም ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ስለዚህ ከስቱዲዮው ኪራይ በፊት የሚመጣው ወጪ የዜማ ባለቤቶችን ማስፈረሚያ ነው። እሱን ዘልሎ የገባ ነጋዴ ትርፉን ፍርድ ቤት ሊጨርሰው ይችላል።