ገና በጀመረ የሳንባ ካንሰር ኦፕራሲዮን ይሻላል ወይስ ጨረር?

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ምክር ለእሳት ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለደዌም ይሠራል። ይህንንም ከሚያስረዱት በሽታዎች አንዱ የሳንባ ካንሰር ነው።

አስቀድሞ ስሙን መለየት ይገባል። «ነቀርሳ» የሚለው ቃል በአገራችን ለሁለት የተለያዩ ደዌዎች ስለሚነገር ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ የሚያመጣው፥ በትንፋሽ የሚተላለፍና በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። የሳንባ ካንሰር ግን የሳንባ ሕዋሳት ከሥርዓታቸው ወጥተው ሲባዙ የሚፈጠር ዕጢ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ዋና ምክንያቱም የትንባሆ ጢስ ነው። ዕጢው ትንሽ ሆኖ በሳንባ ውስጥ ብቻ ተወስኖ ሳለ «ገና የጀመረ» ይባላል። በዚህ ጊዜ በሽተኛው ብዙውን ጊዜ ምንም ሕመም አይሰማውም። ለማዳንም ሁለት መንገዶች አሉ።

የኦፕራሲዮን መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ ዶክተር ኤቫርትስ ግራም ካንሰር የያዘውን የአንድ ሐኪም ሳንባ በሙሉ ቆርጠው አወጡ። በሽተኛው በአንድ ሳንባ 30 ዓመት ያህል ኖረ። ትንባሆ ያጨሱ የነበሩት ዶክተር ግራም ግን እ.ኤ.አ. በ1957 በዚሁ በሳንባ ካንሰር ሞቱ።

ዛሬ ሳንባው በሙሉ የሚወጣው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ቀኙ ሳንባ 3፥ ግራው 2 ክፍሎች ስላሉት ዕጢው ያለበት ክፍል ብቻ ይቆረጣል። ዕጢው ከ2 ሳንቲ ሜትር ካልበለጠና በሳንባው ጠርዝ በኩል ከሆነ፥ ከዚያም ያነሰ ቁራጭ ቢወጣ የበሽተኞቹ ዕድሜ እንደማያጥር እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የጃፓን ጥናት አሳይቷል። የኦፕራሲዮን ትልቁ ጥቅም በአካባቢው ያሉት ንፍፊቶች አብረው ወጥተው ስለሚመረመሩ፥ የተሰወረ መዛመት ቢኖር መታወቁ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ማደንዘዣው፥ ሕመሙና የትንፋሽ ኃይል መቀነሱ ነው፤ ልቡ ወይም ሳንባው የደከመ ሰው ላይችለው ይችላል።

የጨረር መንገድ

የቀድሞው የጨረር ሕክምና ለብዙ ሳምንታት ጥቂት በጥቂት የሚሰጥና ጤናማውንም ሳንባ የሚጎዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በስቶክሆልም የካሮሊንስካ ሐኪሞች ሌላ ዘዴ ጀመሩ። ከልዩ ልዩ አቅጣጫ የሚላኩ ቀጫጭን ጨረሮች በዕጢው ላይ ብቻ ይገናኛሉ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ደካማ ሲሆን፥ በሚገናኙበት ስፍራ ግን ብርቱ ይሆናሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ቀን በሚሆን ሕክምና ይፈጸማል፤ ቢላዋም ማደንዘዣም አያሻም።

እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፥ ኦፕራሲዮን የማይችሉ 55 በሽተኞች በዚህ መንገድ ታከሙ። ከ3 ዓመት በኋላ ዕጢው በነበረበት ስፍራ ተገትቶ የቆየው ከ100 በ98 ያህሉ ነው። በሕይወት የነበሩት ግን ከ100 ወደ 56 ብቻ ነበሩ፤ አንዳንዱ በሌላ ደዌ ሞቷል፥ በአንዳንዱም ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል ተዛምቷል። ጨረሩ ድካም፥ የሳንባ መቆጣት ወይም የጎድን አጥንት ስብራት ሊያመጣ ይችላል፤ ዕጢው ለዋናው የአየር ቧንቧ ሲቀርብም አደጋው ይበልጣል።

ማናቸው ይሻላል?

እ.ኤ.አ. በ2015 የሁለት ጥናቶች ውጤት ተጣምሮ ሲታይ፥ ከ3 ዓመት በኋላ በጨረር ከታከሙት ከ100 በ95፥ በኦፕራሲዮን ከታከሙት ከ100 በ79 በሕይወት ነበሩ። ይሁን እንጂ በጠቅላላው 58 ሰዎች ብቻ ስለነበሩ በዚህ መፍረድ አይቻልም። ስለዚህ ሐኪሞች ለብርቱው ሰው ኦፕራሲዮንን ያስቀድማሉ፤ ለደካማው ጨረርን ይመርጣሉ። ጨረር የተስፋ መቁረጥ ማጽናኛ ሳይሆን እውነተኛ ሕክምና ነው።

እንግዲህ አንባቢ የሚከተለውን ያስታውስ፤

1ኛ/ ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ሲኖር ሳይዘገዩ መመርመር፤ ለነቀርሳ የተሰጠው መድኃኒት ሳሉን ካላስታገሠም እንደገና መመርመር።

2ኛ/ ካንሰር ከተገኘ፥ ከመወሰን በፊት ኦፕራሲዮን አድራጊውንም የጨረር ሐኪሙንም መጠየቅ።

3ኛ/ ቢላዋን ወይም ጨረርን በመፍራት ቀን አለማሳለፍ፤ ዛሬ ትንሽ የሆነው ዕጢ ነገ ሁለቱንም መንገዶች ሊዘጋ ይችላልና።

4ኛ/ ትንባሆን አለመጀመር፤ የጀመረም መተው። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢያስተምሩ፥ ብዙዎች ከሁለቱ ሕክምናዎች አንዱንም ሳይሹ ይኖራሉ።