ባሕረኛው ጡረታ ሲወጣ

ከሳሪስ አቦ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ከባድ መኪኖች ሲያልፉ እናያለን። የሚጭኑት ዕቃ ከየት መጣ? ብዙው በመርከብ ተጭኖ ጅቡቲ ወደብ የደረሰ ነው። ገበሬው የሚጠቀምበት ማዳበሪያም በባሕር ይመጣል። ስለዚህ ባሕርን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያ በ1940ዎቹ ዓ.ም. ባሕር ኃይል አቋቋመች። ሠፈሩ ምጽዋ ነበር። መኮንኖቹ የባሕር ካርታ ማንበብና መርከብ መምራት ተማሩ። ምጽዋ በ1982 ዓ.ም. ከእጅ ወጣች። በ1983 ዓ.ም. መርከቦቹ ወደ የመን ሸሹ። ኋላም ባሕር ኃይሉ ፈረሰ።

እውቀቱ ግን ከሰውየው ጋር ይቀራል። በብዙ አገር ጡረታ የወጣ የባሕር ኃይል መኮንን ለመርከብ ባለቤቶች አማካሪ ይሆናል። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች መርከብ ሲዘርፉ፣ መርከቦች ፍጥነት እንዲጨምሩ፣ ዙሪያቸውን በእሾኻም ሽቦ እንዲያጥሩ፣ ቀንና ሌሊት ዘብ እንዲያቆሙ ተመከረ።

ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር መርከቦችን መቱ። ብዙ መርከቦች አፍሪካን ዞረው ሄዱ። መንገድ ሲረዝም የጭነት ዋጋ ይወደዳል።

አገራችን ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር ኃይሏን እንደገና ማቋቋም ጀምራለች። ወጣቱ ከማን ይማር? በቀበሌያችን የቀድሞ ባሕረኛ ካለ ቀርበን እንጠይቀው። የሚያውቀውን ይዞት እንዳይሄድ።