የአሉቶ ከርሰ ምድር፦ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የዘለቀ ፍለጋ

በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ያለው የአሉቶ ተራራ በሆዱ እሳት እንደያዘ ለአካባቢው ነዋሪ መንገር አያሻም፤ ከመሬቱ ስንጥቅ የሚወጣው እንፋሎት ይናገራል። አስቸጋሪው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ለኤሌክትሪክ የሚበቃው ሙቅ ውኃ በየትኛው ቦታ፣ በምን ያህል ጥልቀት ተጠራቅሟል? ኢትዮጵያ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ በስምጥ ሸለቆ ይህን ፍለጋ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1969 ነበር።

ከ1981 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት በአሉቶ ስምንት ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ከሁሉ ጥልቁ 2,500 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከተራራው ግርጌ ነበሩና ሙቀታቸው ለኃይል የማይበቃ ሆኖ ተገኘ። ቁፋሮው ሽቅብ ወደ ተራራው ሲወጣ ግን በሦስተኛውና በስድስተኛው ጉድጓድ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ተለካ። የጥቂት ኪሎ ሜትር ልዩነት ትርፍና ኪሳራን ለየ። አንድ ጥልቅ ጉድጓድ በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ወጪ ስለሚጠይቅ፣ ሳይቆፍሩ የማየት ጥበብ የሆነው ጂኦፊዚክስ ዋጋው እዚህ ላይ ይታወቃል።

ለእንፋሎት ፍለጋ ዋነኛው መሣሪያ ማግኔቶቴሉሪክ የሚባለው ዘዴ ነው። መብረቅና ከፀሐይ የሚነሣው ነፋስ በምድር ዙሪያ የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ ይፈጥራሉ። ባለሙያዎች ኤሌክትሮድና ማግኔት መለኪያ ቀብረው፣ ሞገዱ ወደ መሬት ሲዘልቅ የሚያሳየውን ለውጥ ይመዘግባሉ። ቀስ ብሎ የሚመላለሰው ሞገድ ይበልጥ ጠልቆ ስለሚገባ፣ ከላይ እስከ ታች ያለው አለት ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ይታወቃል።

ንባቡ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ኤሌክትሪክ በደንብ የሚያሳልፈው ስፍራ የእንፋሎቱ ማከማቻ ነው ብሎ የሚቆፍር ይሳሳታል። ሙቅ ውኃ አለቱን እየለወጠ ከ200 ዲግሪ በታች ባለው ሙቀት ኤሌክትሪክ አሳላፊ ሸክላ ይፈጥራል፤ ይህ ሸክላ ክዳን ነው። የሚፈለገው ሙቀት ከክዳኑ ሥር፣ ኤሌክትሪክ እምብዛም በማያሳልፈው አለት ውስጥ ይገኛል። በ2015 የታተመ የአሉቶ ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው። ጨዋማ ውኃና ቅልጥ አለትም እንደ ሸክላው ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፉ፣ የአንዱ ዘዴ ውጤት በመሬት ስበት ልኬትና በጥቃቅን የመሬት መንቀጥቀጥ ምዝገባ ይጣራል።

ጥሩ ቦታ መምረጥ ብቻውን ግን መብራት አያበራም። በ1998 የተተከለው 7.2 ሜጋ ዋት የሙከራ ጣቢያ በጉድጓዶቹና በማሽኖቹ ችግር የተነሣ ብዙም ሳይቆይ ቆመ። ቀጣዮቹ ሁለት ጉድጓዶች የተቆፈሩት በዓለም ባንክና በጃፓን ድጋፍ ከ2013 እስከ 2015 ነው። ከስምንተኛው እስከ ዘጠነኛው ጉድጓድ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ አለፈ።

አሉቶን ያዘገየው ከርሰ ምድሩ አልነበረም፤ ሙቀቱ በ1980ዎቹ ተለክቶ ተረጋግጧል። የጎደለው ሥራው ሳይቋረጥ የሚቀጥልበት ገንዘብና ባለሙያ ነው። በስምጥ ሸለቆ ለሚደረገው ቀጣይ ፍለጋም ልኬቱ ከቁፋሮ በፊት በጀት ይመደብለት፤ መረጃው ለተከታዩ ትውልድ ባለሙያ በእጁ ይግባለት።