ስለ ስዊዘርላንድ ፌዴራላዊ መንግሥትና ስለ ሰባቱ ሹማምንቱ

በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በመሐንዲስነትና በአማካሪነት ያገለገለው አልፍሬድ ኢልግ የተወለደባት ስዊዘርላንድ፣ ርእሰ ብሔሯ ማን እንደ ሆነ ለሚጠይቅ እንግዳ የምትጠራለት የአንድ ሰው ስም ሳይሆን የሰባት ሰዎች ጉባኤ ነው። ሰባቱ በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ለአራት ዓመት እየተመረጡ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሚኒስቴር ይመራሉ፤ የመንግሥቱን ሥልጣን ግን በኅብረት እንጂ በተናጠል አይዙትም። ከመካከላቸው አንዱ ለአንድ ዓመት ፕሬዚዳንት ተብሎ ቢሰየምም፣ ተግባሩ ጉባኤውን መምራትና አገሩን ወክሎ መቆም ስለ ሆነ በባልንጀሮቹ ላይ የሚያዝበት ሥልጣን የለውም። በጉባኤው ውስጥ የፈለገው ክርክር ቢደረግ፣ ድምፅ ከተሰጠ በኋላ የተረታውም ሹም ውሳኔውን በሕዝብ ፊት እንደ ራሱ አሳብ አድርጎ ይቆምለታል።

ስዊሶች የአንድነታቸውን ጥንት የሚቆጥሩት፣ ኡሪ፣ ሽቪትስና ኡንተርቫልደን የተባሉት የተራራ አገሮች ጠላት ቢነሣባቸው ሊረዳዱ ከተማማሉበት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1291 ቃል ኪዳን ጀምሮ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ለአምስት መቶ ዓመታት የኖረው መንግሥት ሳይሆን የመሐላ ማኅበር ነበር። ካንቶን የሚባለው ግዛት ሁሉ ወደ ጋራው ሸንጎ መልእክተኞቹን ይልክ ነበር እንጂ ከራሱ በላይ አዛዥ አያውቅም። በ16ኛው ምእት ዓመት የሃይማኖት ክፍፍል በገባ ጊዜም ከፊሉ በካቶሊክ ሃይማኖት ጸንቶ፣ ከፊሉ የፕሮቴስታንትን ትምህርት ተቀብሎ፣ አንዱ ሌላውን በጥርጣሬ እያየ ኖረ።

ጥርጣሬው እየከረረ ሄዶ፣ የሉሴርን ካንቶን ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የካቶሊክ መነኮሳት እንዲያስተምሩ ከጠራች በኋላ፣ ሰባት የካቶሊክ ካንቶኖች በ1845 ለብቻቸው ተማማሉ፤ ሸንጎው መሐላቸውን እንዲያፈርሱ ቢያዝ እምቢ ስላሉም በኖቬምበር 1847 ጦርነት ተከፈተ። የሸንጎው ጦር አዛዥ የዤኔቫው ጄኔራል ጊዮም አንሪ ዱፉር ነበር፤ በእኔ አሳብ የስዊስ ፌዴራላዊ መንግሥት ሕጉን ከጻፉለት ይልቅ የዚህ ሰው ባለዕዳ ነው። ጠላቶቹ የአገሩ ልጆች መሆናቸውን ሳይዘነጋ፣ ወታደሮቹ ቁስለኛውን እንዲያነሡ፣ ምርኮኛውን እንዳይበድሉ፣ ሴቶችንና ሕፃናትን እንዲጠብቁ አዘዘ፤ ውጊያው በአንድ ወር ውስጥ በሸንጎው ድል ሲፈጸም የሞቱት ሁለት መቶ አልሞሉም። ይኸው ዱፉር ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ቀይ መስቀልን ከመሠረቱት አምስት ሰዎች አንዱና የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሆነ።

ከጦርነቱ በኋላ የተረቀቀው የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ሴፕቴምበር 12 ቀን 1848 ጸና። አሸናፊዎቹ ካንቶኖቹን ደምስሰው አንድ ወጥ አገር አላደረጉም፤ ከአሜሪካ ምሳሌ ወስደው አንደኛው ምክር ቤት በሕዝብ ብዛት፣ ሁለተኛው በካንቶኖች እኩልነት እንዲቆም ደነገጉ፤ ስለዚህ የተሸነፈችው ታናሺቱ ኡሪ ከታላቂቱ ዙሪክ ጋር ተካክላ ሁለት እንደራሴዎች ላከች። ገንዘብ፣ ፖስታ፣ የድንበር ቀረጥና የውጭ ጉዳይ ለማዕከሉ ሲሰጡ፣ ትምህርት ቤትና ፖሊስ ከካንቶኖች እጅ አልወጡም።

ይሁን እንጂ ከሰባቱ ወንበሮች አንዱ እንኳ ለተሸነፈው የካቶሊክ ወግ አጥባቂ ወገን ሳይደርስ አርባ ሦስት ዓመት አለፈ፤ በኋላም ያስገባው የአሸናፊው ቸርነት አይደለም። በ1874 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት፣ 30,000 ዜጎች በፊርማቸው ከጠየቁ ምክር ቤቶቹ ያወጡት ሕግ ለሕዝብ ድምፅ እንዲቀርብ ስለ ፈቀደ፣ ወግ አጥባቂዎቹ ፊርማ እየሰበሰቡ የመንግሥትን ሕጎች አከታትለው ጣሉ፤ ገዢው ወገንም ያለ እነርሱ መግዛት እንደማይሆንለት ተረድቶ በ1891 የሉሴርኑን ዮሴፍ ዜምፕን ከሰባቱ አንዱ አደረገው። ዛሬ የሚያስፈልገው ፊርማ 50,000፣ የሚሰበሰብበትም ጊዜ 100 ቀን ነው፤ ስለዚህ ሕግ የሚያረቅ ሁሉ ሕጉን ሊያስጥል የሚችለውን ወገን አስቀድሞ ማማከር ግድ ይለዋል። በ1959 አራቱ ታላላቅ ፓርቲዎች ወንበሮቹን ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለትና አንድ አድርገው የተካፈሉትም ከዚሁ ልማድ የተነሣ ነው።

ለተሸነፈው ወንድም ስፍራ ያገኘ ይህ ሥርዓት ለእኅቱ ግን እጅግ ዘገየ፤ ይህም ያሳዝነኛል። ሕገ መንግሥቱ የሚሻሻለው የሕዝቡም የካንቶኖቹም ብልጫ ድምፅ ሲገኝ ብቻ ስለ ሆነና ድምፅ ሰጪዎቹም ወንዶች ብቻ ስለ ነበሩ፣ በ1959 የቀረበው ጥያቄ ወድቆ ሴቶች በፌዴራል ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ የተፈቀደው በ1971 ነው። ኤልሳቤጥ ኮፕ በ1984 ከሰባቱ አንዷ ሆና ስትመረጥ እንኳ፣ በአፔንዜል ኢነርሮደን ያሉ ሴቶች በካንቶናቸው ጉዳይ ድምፅ አልነበራቸውም፤ ወንዶቹ በአደባባይ ተሰብስበው እጅ በማንሣት እስከ 1990 ድረስ እምቢ እንዳሉ ስለ ቆዩ፣ በሎዛን የተቀመጠው የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ሴቶቹ ድምፅ የመስጠት መብት እንዳላቸው ፈረደ።