ንጉሡን የዘቀዘቀው ጦርነት

ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼን ቶሎ የሚያሰለቻቸው የአውሮፓ ነገሥታት የውርስ ጦርነት ነው። ግማሹ ካርሎስ፣ ግማሹ ፊሊፕ ይባላል፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ይምታታል። ስለዚህ የስፔንን የውርስ ጦርነት የምጀምረው ከጦር አዛዦቹ ነው።

ኤፕሪል 25 ቀን 1707 እ.ኤ.አ. በደቡብ ምሥራቅ ስፔን፣ አልማንሳ በምትባል ከተማ አጠገብ ሁለት ጦር ተፋጠጠ። የእንግሊዝን፣ የፖርቱጋልንና የሆላንድን ወታደር የሚመራው ሎርድ ጎልዌይ ፈረንሳዊ ነው፤ ፕሮቴስታንት በመሆኑ አገሩን ጥሎ ለእንግሊዝ ያደረ። የፈረንሳይንና የስፔንን ጦር የሚመራው የበርዊክ መስፍን ደግሞ ከዙፋኑ የተባረረው የእንግሊዝ ንጉሥ የዳግማዊ ጄምስ ዲቃላ ነው። እዚህ ላይ ክፍሉ ይስቃል፤ እኔም ነገሩን እቀጥላለሁ።

የጠቡ መነሻ የስፔኑ ንጉሥ ዳግማዊ ካርሎስ በ1700 ልጅ ሳይተካ መሞቱ ነው። በኑዛዜው ዘውዱን ለፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ የልጅ ልጅ፣ ለፊሊፕ፣ አወረሰ። ሁለቱ መንግሥታት በአንድ ቤተሰብ እጅ እንዳይገቡ የሠጉት እንግሊዝ፣ ሆላንድና ኦስትሪያ የኦስትሪያውን የሀብስበርግ ልዑል ካርልን ይዘው ተነሱ። ከስፔን ግዛቶችም ቫሌንሲያ፣ አራጎንና ካታሎኒያ በአመዛኙ ወደ ካርል አደሉ።

በርዊክ 25 ሺህ ያህል፣ ጎልዌይ 15 ሺህ ያህል ሰው ነበራቸው። በቁጥር ቢያንስም ቀድሞ ያጠቃው ጎልዌይ ነው። እግረኛው መሃሉን ሰብሮ ወደ ከተማዋ ግንብ ተጠጋ። ነገር ግን በቀኝ ክንፍ የነበረው የፖርቱጋል ፈረሰኛ ሸሸ፤ ደጀን ያጣው እግረኛም ተከበበ። ከሁለት ዓመት በፊት ባዳሆዝ ላይ ቀኝ እጁን ያጣው ጎልዌይ አሁን ደግሞ ፊቱን በሰይፍ ተመታ። ወደ ኮረብታው ያፈገፈጉት 13 ሻለቆች በማግሥቱ እጅ ሰጡ።

ከዚያ የመጣው ከውጊያው ይከፋል። በጁን ወር እጅ አልሰጥም ብላ የታገለችው የቫሌንሲያዋ ከተማ ሻቲቫ ተቃጠለች፤ ስሟም ተፍቆ ሳን ፌሊፔ ተባለች። በዚያው ወር 29 ቀን ፊሊፕ ባወጣው አዋጅ፣ ቫሌንሲያና አራጎን ለዘመናት የተዳደሩበትን ሕግ ሽሮ በካስቲያ ሕግ ተዳደሩ አለ። ምክንያቱ ሁለት ነው፦ አምፃችኋል፣ ደግሞም በጦር ይዣችኋለሁ። ዛሬ የሻቲቫን ሙዚየም የጎበኘ ሰው ፊሊፕን በሙሉ ማዕረጉ ተሥሎ ያገኘዋል፤ ሥዕሉ የተሰቀለው ግን ተዘቅዝቆ፣ ራሱ ወደ ታች ሆኖ ነው።

«ታዲያ ማን አሸነፈ?» ይሉኛል ልጆቹ። ፊሊፕ ዘውዱን አገኘ። ካርል በ1711 ወንድሙ ሲሞት የኦስትሪያን ዙፋን ስለወረሰ እንግሊዝ እሱን መደገፏን ተወች፤ በ1713 በዩትሬክት ውልም ጂብራልታርን ይዛ ቀረች። ዕዳው የተረፈው ለቫሌንሲያ ነው። አራጎንና ካታሎኒያ ቢያንስ የጋብቻና የውርስ ሕጋቸው ተርፎላቸዋል፤ የቫሌንሲያ ግን እንደተሻረ ቀረ። አንድ ንጉሥ ባወረሰው ዘውድ የተነሳ ጠብ፣ የቫሌንሲያ ገበሬ ለልጁ መሬት የሚያወርስበትን ሕግ ነጥቆት አበቃ።