የማጅራት ገትር ባክቴሪያ ካባውን ስለ መለዋወጡ

ማጅራት ገትር ስሙን ያገኘው የበሽተኛውን ማጅራት ገትሮ ስለሚይዝ ነው። በሽታውን ከሚያመጡት ተሐዋስያን አንዱ ሜኒንጎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ እርሱም ከመቶ ሰዎች በዐሥሩ ያህል ጉሮሮ ውስጥ ሰውየውን ሳይጎዳ ይኖራል። ታዲያ ሰውነታችን ይህን እንግዳ ደጃፉ ላይ እያየ ስለ ምን አያጠፋውም?

ባክቴሪያው ከስኳር ሰንሰለት የተሠራ ካባ ይደርባል። በደም ውስጥ ካባው ጋሻው ነው፤ ኮምፕሊመንት የሚባሉት የደም ፕሮቲኖች ገላውን እንዳይበሱት ይከላከልለታል። በጉሮሮ ግን ያው ካባ ከሥጋው ሽፋን ጋራ እንዳይጣበቅ ዕንቅፋት ይሆንበታል። ስለዚህ አንድ ጊዜ መልበስ፥ አንድ ጊዜም ማውለቅ ያስፈልገዋል። ይህንንም የሚያደርገው አስቦ ሳይሆን በመገልበጥ ስሕተት ነው።

ዲ ኤን ኤ በአራት ፊደላት ተጽፎ ሦስት ሦስት ፊደል እየተቈረጠ ይነበባል። «አበበ ገበሬ ነበረ» የሚለውን እንውሰድ። ቁም ጸሐፊው ከተከታተሉት ሁለት «በ» አንዱን ቢዘል፥ ሦስት ሦስት የሚቈርጠው አንባቢ «አበገ በሬነ በረ» ይላል፤ ገበሬው ጠፍቶ በሬው ብቻ ቀረ ማለት ነው። በ«ቢ» ወገን ሜኒንጎኮከስም፥ ካባውን በሚያሠራው አንድ ጂን ውስጥ ሳይቶሲን የተባለው ፊደል ሰባት ጊዜ ተከታትሎ ይገኛል። ገልባጩ ቍጥሩን ስቶ ስድስት ወይም ስምንት ቢያደርገው ንባቡ ይፈርሳል፥ ካባውም ሳይሠራ ይቀራል። ከልጅ ልጆቹ አንዱ በሌላ ስሕተት ወደ ሰባት ሲመለስ ካባው ይመለሳል። ከብዙ ሚሊዮን ልጆች መካከል ለቦታው የተመቸው ይተርፋል።

ኦፓ የሚባሉት የመጣበቂያ ፕሮቲኖችም እንዲሁ ናቸው። ጂኖቻቸው ሦስት ወይም አራት ሲሆኑ፥ በየአንዳንዱ ውስጥ ባለ አምስት ፊደል ቃል ይደጋገማል፤ ድግግሞሹ ሲዛባ ጂኑ ለብቻው ይዘጋል ወይም ይከፈታል። አራቱ 16 ዐይነት መልክ ይሰጣሉ፤ አንዱን መልክ የለመደ ፀረ እንግዳ አካል ሌላውን ሳያውቀው ያልፋል።

የ«ቢ» ወገን ካባ ደግሞ በሰው ነርቭ ሕዋሳት ላይ ያለውን ስኳር ስለሚመስል ሰውነት እንደ ባዕድ አይቈጥረውም። ስለዚህም ክትባቱን ከካባው መሥራት አልተቻለም፤ ከፕሮቲኖች ተሠርቶ በ2013 ዓ/ም (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በአውሮፓ ተፈቀደ።

ከሁሉ የሚያሠጋው ግን ባክቴሪያው ከጎረቤቱ ጂን መውሰዱ ነው። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ብዙ ሕዝብ የፈጀው የ«ኤ» ወገን፥ በ2010 ከቡርኪና ፋሶ የጀመረው ክትባት ከተሰጠ በኋላ ሊጠፋ ደረሰ። ነገር ግን በጉሮሮ ያለ ካባ ይኖር የነበረ ሌላ ዘር የ«ሲ»ን ካባ ጂኖች ወስዶ በ2013 በናይጄሪያ፥ በ2015 በኒጀር ወረርሽኝ አስነሣ። በ2024 ናይጄሪያ «ኤ»ን፥ «ሲ»ን፥ «ደብልዩ»ን፥ «ዋይ»ንና «ኤክስ»ን ባንድነት የሚከላከለውን ክትባት ከሁሉ አስቀድማ መስጠት ጀመረች፤ «ቢ» በዚህ ውስጥ የለም።